ለምስጋና ማን ወላጅ ይጠራል

በአማርኛችን ውስጥ ካሉ አጫጭር ትእዛዞች ሁሉ ሰውን በማስደንገጥ «ወላጅ አምጣ»ን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። «ቤቱ ይፈርሳል፣ ልቀቁ» የሚለው ይቀርበው ይሆናል፤ የካዛንቺስ ሰው ሁለቱንም በየተራ ሰምቷልና እሱ ይመስክር። እስቲ እናንተም ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ አስቡት። አስተማሪው ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን አራግፎ፣ ስማችሁን ከነአባታችሁ ጠርቶ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ያለበት ቀን ዛሬም ትዝ አይላችሁም? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እዚያው ካዛንቺስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ቃሉን ለሌላው ስናገረው እንኳ የገዛ ወላጄ የተጠራ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ትምህርት ቤትና ወላጅ የሚገናኙት በጥፋት ነው። ልጁ ደህና ከሆነ ምን ያገናኛቸዋል? ወላጅ በመስከረም አስመዝግቦ ይሄዳል፣ በሰኔ መጥቶ ካርድ ይቀበላል። በመሀል ከተጠራ ወይ መስኮት ተሰብሯል፣ ወይ የሰው ጥርስ ተሰብሯል፣ ወይ ልጁ ጭራሹን ከትምህርት ቤት ጠፍቷል። ስለዚህ ወላጅ ሲጠራ የሚመጣው ለመነጋገር አይደለም፤ ለመግረፍ ነው። የቢሮውን ደፍ ሳይረግጡ «የታለ እሱ?» እያሉ ቀበቶ የሚፈቱ አባቶች አይቻለሁ። ልጁ ምን እንዳጠፋ የሚጠይቁት ከገረፉት በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹማ ጨርሶ ሳይጠይቁ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

መልእክተኛው ደግሞ ያው ተከሳሹ ራሱ ነው። የማወራችሁ ሞባይል ስልክ ገና የባለጸጋ ጌጥ ስለነበረበት ዘመን ነው። ፍርድ ቤት እንኳ መጥሪያ የሚልከው በሌላ ሰው እጅ ነው። እኛ ግን አንድ ፍሬ ልጅ የራሱን መጥሪያ በራሱ አፍ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ እንሰደውና፣ በማግስቱ ገራፊውን ከፊት አስቀድሞ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። እንዲህ ያለ እምነት በሰው ልጅ ላይ የጣለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከትምህርት ቤት በስተቀር አላውቅም።

ልጅ ግን ሞኝ አይደለም። የካዛንቺስ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ሞኝ ነው። ስለዚህ ወላጅ መዋስ ተጀመረ። በሰፈሩ ካሉት ቡና ቤቶች የአንዱ ዘበኛ የነበረ ዘውዴ የሚባል ሰው ነበር። ሌሊት ስለሚሠራ ቀኑ ባዶ ነው፤ ኮት አለው፤ ጸጉሩ ሸብቷል። በቃ፣ አባት ለመሆን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ባለፈው ሳምንት የኢብራሂም አባት ሆኖ የመጣው ሰው በዚህ ሳምንት የገብረ መድኅን አባት ሆኖ ይመጣል። እኛም እናውቃለን፣ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። ፊቱን አጨማድዶ ይሰማናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ቆይ፣ ቤት ሲመጣ አሳየዋለሁ» ይላል፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ይሄዳል። ልጁ ክፍሉ ይገባል። ደንብ ተከበረ፣ ማንም አልተገረፈም።

አስቸጋሪ ልጅ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ መውጫውን ያውቃል። መውጫው የሚጠፋው ለጨዋ ልጅ ነው። ይህን ያወቅሁት በአንዲት ሙሉነሽ በምትባል ልጅ ምክንያት ነው፤ ባላውቀው ደስ ባለኝ።

ሙሉነሽ ወይም እኛ እንደምንጠራት ሙሉ፣ አራተኛ ክፍል ነበረች። የእሷን ክፍልና የእኔን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት ስለነበር፣ ወዲያ ማዶ የሚባለው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። እኔ ለስድስተኛ ክፍሎች ስለ ግስ ሳወራ ከወዲያ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ግሴን ያቋርጠዋል። ሙሉ እጅ ስታወጣ በእጇ ብቻ አታወጣም፤ ግማሽ አካሏ ከወንበሩ ይነሣል፣ ሌላው እጇ የወጣውን እጅ ከሥር ይደግፋል። አንድ ቀን አስተማሪ ሳይኖር ጥያቄ ለጠየቀ ጓደኛዋ እንኳ እጇን አውጥታ ስትመልስ በመስኮት አይቻታለሁ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ አንደኛ ወጣች። ይህ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከጎኗ የሚቀመጠው ቢኒያም የሚባል ልጅ ነው። ፊደል በዞረበት ያልዞረው፣ ለሁለተኛ ጊዜ አራተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ነበር። እሷ በየእረፍቱ ከግንቡ ሥር እያስቀመጠች፣ እየተቆጣች፣ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ሁሉ እያስነበበች ማንበብ አስቻለችው።

እናቷ አስካለ ትባላለች። ከወልቂጤ ማዶ የመጣች፣ በካዛንቺስ ካሉት አልጋ ቤቶች አንሶላ እየሰበሰበች የምታጥብ ሴት ናት። በረኪና የእጇን ቆዳ ልጦታል። ከሙሉ በፊት ሰብለ የምትባል ልጅ ነበረቻት፤ እዚያው እኛ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ ቁመቷ እናቷን ያለፈ። ሰብለ ከክፍል መቅረት ጀመረች። እናቷ ተጠራች። አስካለ ያን ቀን አንሶላ ካላደረሰች ሥራው ለሌላ ሴት ይሰጣል፤ ነገ እሄዳለሁ አለች። ደግሞ ተጠራች። ደግሞ ነገ አለች። ስትመጣ ሰብለ ከትምህርት ቤትም ከሰፈርም የለችም። ከለገሃር በባቡር ወደ ጅቡቲ ስትሄድ አየናት ያሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ወሬዋ አልተሰማም።

አስካለ በመጨረሻ የመጣች ዕለት እኔ ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። አስካለ ወንበር ቢሰጣትም ሳትቀመጥ ቆማለች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚለው ቢጠፋው ነው መሰለኝ፣ «እናት፣ በተጠሩ ጊዜ ወዲያው ቢመጡ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር» አላት። እሷም «እውነትዎን ነው» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ትምህርት ቤታችን ለልጆቹ ብዙ ነገር አስተምሯል፤ ልጆቹም ብዙውን ረስተዋል። ለአስካለ ያስተማራት ያንን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ግን አልረሳችውም።

አሁን ወደ ሰናይት ልምጣ። ሰናይት የሙሉ አስተማሪ ናት፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣ ደብተር ስታርም ብቻዋን የምትሥቅ ልጅ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ጋሽ ታደለ፣ ግን ለምንድነው ወላጅ ለጥፋት ብቻ የምንጠራው?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን እንጥራው?»

«ማለቴ፣ ጎበዝ ልጅ አለችዎት ለማለትስ? የሙሉን እናት ጠርቼ ክፍሉ ፊት ባቆማት፣ ልጆቹ ቢያጨበጭቡላት? በቃ፣ አንዲት እናት ብቻ።»

ሣቅኩ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልኳት። እሷም ሣቀች። ሐሳቧ ግን ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም እኔ ይህን ሳላስብ ጡረታዬ መድረሱ አሳዘነኝ። ለልጅቷ ምክንያቱን ንገሪያት ወይ አትንገሪያት የሚለውን አልተነጋገርንም። እሷ ግን ቆርጣ ነበር። «ሰርፕራይዝ ካልሆነ ምኑን ደስ ይላል?» አለች በኋላ ስጠይቃት።

ዓርብ ከሰዓት፣ ደወል ሊደወል ሲል፣ ሙሉን ወደ ፊት ጠራቻት። ሣቋ እንዳያመልጣት ፊቷን ኮስተር አደረገች። ከንፈሯን ነክሳ፣ «ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ነይ» አለቻት። ሣቁን የሚያፍን ሰውና የተቆጣ ሰው ፊታቸው አንድ ነው፤ ይህን የማሠልጠኛው ትምህርት አልነገራትም። ሙሉ ተጠርታ አታውቅም።

መንገድ ላይ ቢኒያም የሚችለውን ሊያደርግላት ሞከረ። እሱ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ነው። «ምን ያስለቅስሻል? ጋሽ ዘውዴን እንጠራልሻለን። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ አሁን ተኝቶ ይሆናል እንጂ እምቢ አይልም» አላት። ሙሉ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «እናቴ እኮ አለች» አለችው። ይህን ቢኒያም ራሱ ነው የነገረን፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያንን መልስ ሊረዳው እንዳልቻለ በሚያስታውቅ ፊት ነበር የነገረን። አያችሁ? ከሁለቱ አንዱ ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ቢኒያም ነው።

አስካለ አንሶላ እየጠመዘዘች ነበር። የቀረውን እሷው ከዓመታት በኋላ በራሷ አፍ አጫውታኛለች። ሙሉ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ሰኞ ወላጅ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ» አለቻት።

«ምን አጥፍተሽ?»

«እኔንጃ።»

«ምን አጥፍተሽ ነው የምልሽ?»

«ምንም።»

ያጠፋ ልጅም ያላጠፋ ልጅም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው። ሰብለም ያኔ «ምንም» ነበር ያለችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አስካለ ልጥ እንኳ አላየችም፤ ልጥ አለ ሲሏት ነው የበረየችው። ምነው በገረፈቻት እላለሁ አንዳንዴ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንደ ሌላው እናት ሁለት ጊዜ በጥፊ ብትላት ኖሮ ንዴቷ ይወጣላትና ሰኞ እየጎተተቻት ትመጣ ነበር። አስካለ ግን እጇን አላነሣችም። የጠመዘዘችውን አንሶላ መልሳ ሳፋው ውስጥ ጣለችውና ቁጭ አለች። ለዚህ ሰፈር አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰጥም ብላ ወሰነች። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ይዛ አውቶቡስ ተራ ሄደች፤ ወልቂጤ ሻይ ቤት ላላት እህቷ አደረሰቻት፤ ያደራ አንሶላ ነበረባትና በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ምን እንዳጠፋች ስታስብ ነበር የሄደችው።

ሰኞ ሰናይት ቀድማ ገብታ ክፍሉን አስጠርጋለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በባለቀለም ጠመኔ «እንኳን ደህና መጡ» ብላ ጽፋ ዙሪያውን አበባ ሥላበታለች። ልጆቹ ሲባሉ እንዲያጨበጭቡ ተለማምደዋል፤ የልምምዱ ጭብጨባ በኮምፔንሳቶው በኩል ሲመጣ እኔም ግሴን ትቼ ወጣሁ። አስካለ በሩ ላይ ቆማለች፤ ብቻዋን። በሁለት እጇ የሙሉን የትምህርት መጻሕፍት ይዛለች፤ በጋዜጣ የተሸፈኑ፣ አንድ ጠርዛቸው እንኳ ያልታጠፈ።

ሰናይት አፏን ሳትከፍት እሷ ቀደመች። «ቲቸር፣ ምን እንዳጠፋች አልጠይቅዎትም። ልስማውም አልፈልግም። ልጅቷን ከዚህ አርቄያታለሁ። መጽሐፎቿ እነዚህ ናቸው፣ አልተቀደዱም፤ ይዩዋቸው። መሸኛዋን ይስጡኝ። የአሁኑስ አልዘገየሁም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። እንደዚያ ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

ሰናይት «ኧረ ምንም አላጠፋችም!» አለች። «እናቴ፣ ጎበዝ ልጅ ስላለችዎት ላመሰግንዎት ነው የጠራሁዎት። ለምስጋና ነው።»

አስካለ አየቻት። ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ ሸምገል ያልኩት እኔ ነኝና እውነቱን ከእኔ ፈለገች። «ለምስጋና ማን ወላጅ ይጠራል?» አለች። የጠየቀችው በቁጣ አይደለም፤ የምር ጠይቃ ነው። እኔ ያን ሁሉ ዘመን አስተምሬ አንድ ምሳሌ እንኳ ልጠቅስላት አልቻልኩም። ሰሌዳው ከጀርባችን «እንኳን ደህና መጡ» እንዳለ ነው። አስካለ ማንበብ አትችልም ነበር።

ያቺ ቅን ልጅ አዘነችልኝ ብላ ነው አስካለ ከግቢው የወጣችው። አስተማሪዋ ደግ ናት፤ ልጄ የበደለቻትን በደል ዋጥ አድርጋ፣ እኔን እንዳላፍር ምስጋና ነው አለችኝ ብላ አሰበች። ይህ ሐሳብ መልሶ ተስፋ ሰጣት። አስተማሪዋ ደግ ከሆነች ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፤ ይቅርታ ከተገኘ ልጅቷ ትመለሳለች። ይቅርታ ደግሞ በእኛ ዘንድ በባዶ እጅ አይጠየቅም። በሽማግሌ ነው።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሽማግሌዎች ከአስካለ ጋር የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡ። አንዱ ሳሙናና በረኪና የሚሸጡላት ባለሱቅ ሐጂ ሸምሱ ናቸው፤ ሌላው ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡት ጎረቤቷ ጋሽ በላቸው። ሰናይትን መሀል አስቀመጧትና እነሱ ቆሙ። ሲለመን ተቀምጦ አይለመንም።

ሐጂ ጀመሩ። «ልጄ፣ ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። የመጣነው ለዚችው ነው።»

«ሐጂ፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አለች ሰናይት።

ጋሽ በላቸው ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሰሙ? በደሉን እንኳ በስሙ አልጠራችውም። የጨዋ ልጅ ናት።»

«ኧረ አባቴ፣ እውነቴን ነው። ልጅቷ አንደኛ ነው የወጣችው።»

«ተባረኪ። ያጠፋችበትን ልጅ እንዲህ አድርጎ የሚያመሰግን ማን አለ?» አሉ ሐጂ።

እኔም ገባሁበት። «አባቶቼ፣ የምትለው እውነት ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ» አልኩ። «አንተም ተባረክ» ተባልኩ። ሰናይት በካደች ቁጥር ደግነቷ ይጨምራል፤ ባስረዳች ቁጥር በደሉ ይከብዳል። ይህን ያህል ደግ ሰው በዝምታ የሚሸፍነው በደል ምን ዓይነት በደል ቢሆን ነው? ሌላ ጊዜ ቢሆን እሥቅ ነበር። አስካለ ግን ከበሩ አጠገብ ቆማ እጆቿን ታሻሻለች፤ ማንም አይሥቅም።

በመጨረሻ ጋሽ በላቸው ዘንጋቸውን ጨብጠው፣ «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይን፤ እኛም እንሂድ» አሉ።

«የሚቀር ነገር የለም እኮ አባቴ።»

«ቃሉን ካላልሽን እናቲቱ አታምንም። ቂም ካለበት ቤት ልጄን አልመልስም ብላናለች።»

ሰናይት አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ልጅቷ ወልቂጤ ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች ነው፤ የምትመለሰው በአንዲት ቃል ነው፤ ቃሏ ደግሞ ውሸት ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰናይት አሁን የብብቷን ጎንበስ ብላ ማንሣት አለባት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሦስቱም በአንድ ድምፅ መረቋት። አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሰናይትም አለቀሰች፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይህንንም ለደግነቷ ቆጠሩላት።

ሙሉ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰች። ጋሽ በላቸው እጇን ይዘው አስገቧትና፣ «በይ፣ የአስተማሪሽን ጉልበት ሳሚ» አሏት። ሰናይት ልትከላከል እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን ቀድማ ጎንበስ ብላለች። አንዱን ጉልበት ሳመች፣ ሌላውንም ሳመች፣ ቀና ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች። ምን እንዳጠፋች አልጠየቀችም። ይቅር ከተባለች ወዲያ ምን ያደርግላታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፔንሳቶው ዝም አለ። መጀመሪያ ምን እንደጎደለኝ አልገባኝም፤ ግሴን የሚያቋርጥብኝ ሳጣ ነው የገባኝ። ሰናይት ስትጠይቅ ሌሎቹ «እኔ፣ እኔ» ይላሉ፤ ያቺ ቀጭኗ ድምፅ የለችም። በስሟ ተጠርታ ከተጠየቀች ትመልሳለች፤ ትክክል ትመልሳለች፤ ትቀመጣለች። ቢኒያምን ከግንቡ ሥር ማስነበቧንም ተወች። ልጅቷ ተመለሰች፤ እጇ ግን አልወጣም።

ሰናይት አላስቻላትም። አንድ ቀን በእረፍት አስቀርታት እግሯ ሥር በርከክ ብላ፣ «ሙሉዬ፣ ለምንድነው እጅ የማታወጪው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም፣ «ቲቸር፣ ያኔ ያስቀየምኩዎት እጄን በጣም ስላወጣሁ አይደል?» አለቻት። ወልቂጤ ብርጭቆ ስታጥብ የራሷን ጥፋት ስትፈልግ ከርማ፣ ሌላ ብታጣ ይህን አግኝታለች። ሰናይት እውነቱን ሁሉ ነገረቻት፤ ስለ ምስጋናው፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጭብጨባው። ሙሉ በትሕትና ሰማች። «እሺ ቲቸር» አለች። «እሺ» በእኛ አገር ያመነ ሰው ብቻ የሚለው ቃል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሰናይት ይህን ስትነግረኝ ሻይዋ እፊቷ ቀዘቀዘ።

ሰኔ ደረሰ። የካርድ ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ወላጆች መጡ፤ በዓመት አንድ ቀን ያለ ቀበቶ የሚመጡበት ቀን ነው። አስካለ ነጭ ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ልጆች በየክፍላቸው ስማቸው ተጠራ። በተጠራ ቁጥር አንዲት እናት እልል ትላለች። የአራተኛ ክፍል ተራ ሲደርስ እኔ ዓይኔን ከአስካለ ላይ አላነሣሁም። ሦስት ስም ተጠራ፤ ሙሉነሽ የለችበትም። አስካለ ለሌሎች እናቶች ልጆች በሙሉ ልቧ እያጨበጨበች ነበር።

ሲያበቃ ሙሉን ይዛ ወደ ሰናይት መጣች። ካርዱን አሳዩኝ አላለችም፣ ደረጃም አልጠየቀች። ሙሉ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ሰናይት ካርዱን ስታገላብጥ፣ አስካለ በበረኪና በተላጡት እጆቿ የሰናይትን እጅ ያዘችና ሳመቻት።

«ቲቸር፣ ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈለው» አለቻት። «ጨዋ ልጅ አደረጉልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተጠራሁም።»

ሰናይት «ምንም አይደል» አለች። ሌላ ምን ትበል? መንፈቁን ሁሉ ልታደርሰው የደከመችበት ምስጋና በመጨረሻ ደረሰ፤ የተቀበለችው ግን ራሷ ናት። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው በባምቢስ ሱፐርማርኬት በኩል ወደ ቤታቸው ሲወርዱ ቆመን አየናቸው። አስካለ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር።